ከዕቃው በፊት ሰው ይለካ፦ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገባ የሚገዛው ዕቃ በጅማ ዐይን ሲገመገም

እናት ወይም አባት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ቀን ሲቆረጥ ቤተሰብ ገበያ ይወጣል። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ዊልቸር፣ ዳይፐር፣ የደም ግፊት መለኪያ ይሸመታል። የሚሸመተው ሆድ በባባበት፣ "ለእናቴ ምን ይጎድልባታል" በሚባልበት ሰዓት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ውዱ ይመረጣል። ትንሽ ቆይቶ ሲታይ ግን ግማሹ ዕቃ አልጋ ሥር ተገፍቷል፤ ከቀረውም አንዳንዱ ጭራሽ ጉዳት ያደርሳል። የዕቃው ጥራት ምክንያት የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። የሚበዛው ጥፋት ሰውየው ሳይለኩ፣ የሚገቡበት ክፍል ሳይታይ፣ የጅማ ዝናብና መንገድ ሳይታሰብ መገዛቱ ነው።

ግምገማው ከእንክብካቤ ሥራ ወገን የተጻፈ ነው። ዋጋ አላስገባንም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ነገ አይገኝም። የሱቅ ስምም አልጠራንም፤ ያው ዕቃ በብዙ ፋርማሲና በብዙ የሕክምና ዕቃ መሸጫ ይገኛልና። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚያ ታዝዞ የመጣ ዊልቸር ሰፋ ወይም ጠበበ ተብሎ መመለሱ ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ሥራው ከሜትር ይጀምር።

የልብስ ሰፊ ሜትር በቂ ነው። ሰውየው ጫማቸውን እንዳደረጉ ጠንካራ መቀመጫ ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው የኋላ መታጠፊያ ያለውን ከፍታ ለኩ፤ የአልጋውን፣ የወንበሩንና የመጸዳጃውን ከፍታ የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። በዳሌያቸው ግራና ቀኝ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት አቁማችሁ በመካከላቸው ያለውን ስፋት ውሰዱ፤ የዊልቸሩ ስፋት ከዚህ ይወጣል። ከጀርባቸው እስከ ጉልበት መታጠፊያ ያለው ርዝመት የመቀመጫውን ጥልቀት ይነግራችኋል። ቆመው ክንዳቸውን ዘና አድርገው ሲያንጠለጥሉ ከእጅ አንጓቸው እስከ ወለል ያለው ደግሞ የከዘራውና የዎከሩ (በሁለት እጅ የሚያዘው ባለ አራት እግር መራመጃ) ልክ ነው። የዳሌ ዙሪያ ለዳይፐር፣ የክንድ ዙሪያ ለግፊት መለኪያው፣ ክብደት ለአየር ፍራሹ ያስፈልጋል። ሰባቱን ቁጥሮች ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። የክፍሉንም በር ለኩ፤ ሲከፈት ጥርት ያለ 80 ሴንቲ ሜትር ከሌለው ብዙው ዊልቸር ከነሰውየው እጅ ሳያጋጭ አያልፍም። ከአልጋው ጎን 90 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ካልተረፈ ደግሞ ዊልቸር ጠጋ አድርጎ ሰው ማዛወር አይቻልም።

ወንበሩ ይቅደም

ከሁሉም በላይ የምንመክረው ዕቃ ከውጭ አይመጣም፤ እዚሁ ይሠራል። ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ናት፤ በርጩማዋና ባለ መደገፊያ ወንበሯ ስሟን አስጠርተውላታል። ወደ መኖሪያ ማዕከል የሚገባ፣ ገና ራሱን ችሎ መቆም የሚችል አረጋዊ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው ተቀምጦ ነው። ያ መቀመጫ ልክ ካልሆነ የመነሣት ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል። መነሣት ያቃተው ሰው ወደ መጸዳጃ በሰዓቱ አይደርስም፣ ዳይፐር ይታዘዝለታል፣ ከዚያ አልጋ ላይ ይውላል። የአረጋዊ አቅም ብዙ ጊዜ የሚወርደው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሊያቆመው የሚችለው ነገር ደግሞ አንድ ደህና ወንበር ነው።

ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ዕድሜ ልክ የተቀመጡበት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፤ ለመነሣት የጭኑ ጡንቻ ብቻውን ክብደቱን ሁሉ መሸከም አለበት፣ እጅ የሚደገፍበትም የለም። በርጩማው ለቡና ማፍያ ይቅር። ሶፋ ደግሞ ከበርጩማው ይብሳል፤ ጠልቆ ይውጣል፣ ጀርባን ያጎብጣል፣ ወደ ፊት ማዘንበልን ይከለክላል።

አናጺ ዘንድ ሄዳችሁ የምታዙት ይህን ነው። የመቀመጫው ከፍታ ከለካችሁት የጉልበት ከፍታ ጋር እኩል ወይም እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ይሁን፤ ለብዙ ሰው ከ42 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር መካከል ይወድቃል። ትራስ የምታደርጉበት ከሆነ ሰው ሲቀመጥበት የሚተኛውን መጠን አስቡ፤ 8 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ሲቀመጡበት ግማሹን ሊያጣ ይችላል። ጥልቀቱ ከጀርባ እስከ ጉልበት ከለካችሁት 5 ሴንቲ ሜትር ይነስ፤ ጠርዙ የባትን ሥጋ ከነካ ሰው ወደ ፊት ይንሸራተታል። የክንድ መደገፊያው ከመቀመጫው በላይ ከ20 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እስከ መቀመጫው ፊት ጫፍ ይድረስ። ብዙ አናጺ ለውበት ሲል መደገፊያውን ከመሃል ያጎብጠዋል ወይም ያሳጥረዋል፤ እሺ አትበሉ፤ ሲነሡ የሚገፉት ያንን ጫፍ ነው። የፊት እግሮቹን የሚያገናኝ አግዳሚ እንጨት ከታች አይኑር፤ ለመነሣት እግር ወደ ኋላ መግባት አለበት። እግሮቹ ጫፍ ላይ ላስቲክ ይመታባቸው። ከባድ እንጨት ከሆነ ክብደቱ ራሱ ይጠቅማል፤ ሲገፉት አይሸሽም።

ከመረከባችሁ በፊት ፈትኑት። ሰውየው ተቀምጠው፣ መደገፊያውን ገፍተው፣ አምስት ጊዜ ያለ ረዳት ይነሡ። በሦስተኛው ከደከሙ ከእግሮቹ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ይጨመር። በቫርኒሽ የሚያብለጨልጭ መቀመጫ ላይ ነጠላ ወይም ቀጭን ጨርቅ ብቻውን አታንጥፉ፤ ያንሸራትታል።

አልጋው

ገበያ ላይ የሚገኘው የሆስፒታል አልጋ በእጅ የሚዞር እጀታ ያለው ነው፤ ባለ አንድ እጀታው ጀርባን ብቻ፣ ባለ ሁለቱ ጀርባንና ጉልበትን ያነሣል። ተኝተው ለሚውሉ ሰው ባለ ሁለቱ ይገዛ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጀርባ ብቻ ከፍ ሲል ሰውነት ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ቆዳ አንሶላው ላይ ተጣብቆ ሲቀር ውስጡ ያለው አጥንት ይወርዳል፣ በዚያ መጎተት ከወገብ በታች ያለው ቆዳ ይቆስላል። መጀመሪያ ጉልበቱን ትንሽ አንሡ፣ ከዚያ ጀርባውን። ምግብ ካልሆነ ጀርባው ከ30 ዲግሪ በላይ አይቆይ። ለምግብ ግን ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት እንዲሁ ይቆዩ፤ ጋደም ብሎ መዋጥ ምግቡን ወደ ሳንባ ይሰደዋል። አዙራችሁ ስትጨርሱ እጀታውን ወደ ውስጥ እጠፉት፤ ወጥቶ የቀረ እጀታ የሚያቆስለው አስታማሚውን ነው፣ በሌሊት ደግሞ ሰውየውን ራሳቸውን።

ችግሩ ከፍታው ነው። አብዛኛው ከፍታው የማይስተካከል ነው፣ ፍራሽ ሲጨመርበት ለአጭር እናት እግር የማያስደርስ ይሆናል። በሌሊት ለሽንት ሲነሡ መጀመሪያ ይንጠለጠላሉ፣ ከዚያ ይወድቃሉ። የለካችሁት የጉልበት ከፍታ 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አልጋው ከነፍራሹ 62 ከሆነ አትግዙት፤ ወይም በያጅ እግሩን እንዲያሳጥረው ጎማውን አስነቅላችሁ ስጡት። ራሳቸውን ችለው ለሚነሡ ሰው ተራ ጠንካራ የእንጨት አልጋ ከሆስፒታሉ አልጋ ይበልጣል ብለን በእርግጠኝነት እንመክራለን።

የጎን ብረቱን ቤተሰብ ይወደዋል፣ ደኅንነት ይመስለዋልና። አእምሯቸው ለደከመ፣ ሌሊት ለሚነሡ ሰው ግን አደገኛ ነው፤ በላዩ ይወጡና ከብረቱ ከፍታ ይወድቃሉ። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ12 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ደግሞ ጭንቅላት ሊሰነቀር ይችላል። ለእነርሱ አልጋውን ዝቅ አድርጎ ወለሉ ላይ ቀጭን ፍራሽ ማንጠፍ ይሻላል። የጎማዎቹ ፍሬን በአራቱም ላይ ይኑር፤ ሊሾ ወለል ላይ በሁለቱ ብቻ የተያዘ አልጋ ሲደገፉት ይዞራል።

ፍራሹና የአልጋ ቁስል

እዚህ ላይ ገንዘባችሁን አውጡ። ስፖንጅ ፍራሽ ከሆነ ለመፈተን ሰውየው ተኝተው ሳሉ መዳፋችሁን በፍራሹ ሥር፣ በወገባቸው ታች ባለው አጥንት ትይዩ አስገቡ። አጥንቱ መዳፋችሁን የሚጫን ከሆነ፣ በመካከል 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስፖንጅ ካልቀረ፣ ፍራሹ አልቋል፤ ላዩ አዲስ ቢመስልም።

የአየር ፍራሽ ሁለት ዓይነት ይገኛል። በትንንሽ እብጠቶች የተሞላው በስፖንጅ ፍራሽ ላይ የሚነጠፍ ነው፤ ርካሽና ቀላል ነው፣ ገና ቁስል ላልጀመራቸው ይበቃል። ሌላው በአግድም በተደረደሩ ወፍራም ቱቦዎች የተሠራ ነው፤ ከበድ ላለ ሰውና ቁስል ለጀመራቸው ይህኛው ይሻላል። ሁለቱንም የሚያሠራው ፓምፕ በየጥቂት ደቂቃው አንዱን ረድፍ ነፍቶ ሌላውን ያስተነፍሳል፤ አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ እንዳይጫን። የፓምፑ መቆጣጠሪያ በሰውየው ክብደት ልክ ይደረግ። ጠንክሮ ሲነፋ የተመቻቸው ይመስላል፤ ግን ድንጋይ ላይ እንደማስተኛት ነው፣ ሥራውን አይሠራም።

የጅማ መብራት ስለሚሄድ የሚከተለው ይታሰብበት። መብራት ሲጠፋ ፍራሹ ቀስ እያለ ይሞታል፣ ሰውየውም በላስቲክና በብረት መካከል ይቀራሉ። ስለዚህ የአየር ፍራሹ ሥር ሁልጊዜ ደህና ስፖንጅ ይኑር። ፓምፑ ተነቅሎ ቱቦው የሚደፈንበት ክዳን ያለው ሞዴል ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ ለሰዓታት ይይዛል። ማዕከሉ ጄኔሬተር እንዳለው ከመጠየቅ ይልቅ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የመኝታ ክፍሎቹን ሶኬት ይይዝ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘው አምፖሉንና ቢሮውን ብቻ ነው።

የአየር ፍራሹ ላይ አንድ አንሶላ ብቻ፣ ያውም ላላ ብሎ። ከሥር ላስቲክ፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ በላዩ የታጠፈ ጋቢ፣ በላዩ አንሶላ ሲደራረብ ፍራሹ መሥራቱን ያቆማል። ጋቢው ከላይ ይለበስ እንጂ ከሥር አይግባ። ክብ ቀዳዳ ያለው ትራስና ውሃ የተሞላ የሐኪም ጓንት ቁስል ላይ የሚደረጉበት ልማድ ይቅር፤ በዙሪያው ያለውን ደም ሥር ያንቃሉ። አጎዛ ደረቅ ለሚያድሩ ሰው ተረከዝና ጀርባ ሥር ቢደረግ መፋተግን ይቀንሳል፤ ሽንት ከነካው ግን ይደርቃል፣ ይሸታል፣ አይታጠብም። ሽንት ለሚያመልጣቸው አይሆንም።

ማንኛውም ፍራሽ ማገላበጥን አያስቀርም። ተራ ፍራሽ ላይ በየ2 ሰዓቱ፣ ጥሩ የአየር ፍራሽ ላይ ደግሞ ቆዳው ደህና እስከሆነ ድረስ እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በጎናቸው ሲተኙ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በ30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብለው፣ ከጀርባቸው ትራስ ተደግፈው ይሁን፤ ሙሉ ጎን መተኛት የዳሌን አጥንት ያቆስላል። ከባታቸው ሥር ትራስ አድርጋችሁ ተረከዛቸው አየር ላይ ይንጠልጠል። የአልጋ ቁስል ምልክት ተብሎ የሚነገረው መቅላት በጠይም ቆዳ ላይ አይታይም፤ እኛ የምንፈልገው ከአካባቢው የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ፣ ሲነኩት የሚሞቅ፣ የጠነከረ ወይም የላመ ቦታ ነው። ሲጫኑት ቀለሙ የማይለወጥ ከሆነ ቁስሉ ከውስጥ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

አንሶላ ስንት ይበቃል? የጅማ ዝናብ ከበልጉ ተነሥቶ ክረምቱን ዘልቆ እስከ ጥቅምት አካባቢ ይደርሳል፤ በሐምሌ የታጠበ ወፍራም ጨርቅ በአንድ ቀን አይደርቅም። ሽንት ለሚያመልጣቸው ከስድስት አንሶላ በታች አይውሰዱ፣ ጋቢም ሁለት ይሁን። እርጥበት የያዘ ጋቢ ሻጋታ ያወጣል፣ ለሚያስሉ ሰውም ጠላት ነው። ማዕከሉ ልብስ የሚያደርቅበት ጣሪያ ያለው ቦታ እንዳለው በዐይናችሁ እዩ።

ዊልቸር፣ ከዘራ፣ ዎከር

ገበያው ላይ የሚበዛው የሚታጠፍ የብረት ዊልቸር መቀመጫው 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለከሱ ሰው ይሰፋል፤ በአንድ ጎን ይጎብጣሉ፣ ክርናቸው ጎማውን ይነካል። ከዳሌያቸው ስፋት ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል እስከ 5 የሚበልጥ ፈልጉ፤ ካልተገኘ ጎንና ጎኑን በጠንካራ ስፖንጅ ሙሉት። የእግር ማሳረፊያው ከመሬት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የሸራው መቀመጫ ከጊዜ በኋላ ይረግባል፤ ትራስ የሌለው ዊልቸር ላይ ሙሉ ቀን የሚውል ሰው ይቆስላል።

ነፋስ የሚሞላ ጎማ ወይስ ደረቅ ጎማ? ግቢው ሊሾ ከሆነና ሰውየው ከግቢ የማይወጡ ከሆነ ደረቁ ይሻላል፤ አይተነፍስም። ወደ መስጊድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ሆስፒታል የሚወጡ ከሆነ በኮብልስቶኑና በጭቃው ላይ ነፋስ የሚሞላው ይሻላል፤ ካላማዳሪውን ማንኛውም ብስክሌት የሚሠራ ጎሚስታ ይለጥፈዋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ተጭኖ ነው። ጎማው ነፋስ ሲጎድለው ፍሬኑ ይስታል፣ ሰውየው ሊነሡ ሲሉ ወንበሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከዊልቸር የመውደቅ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በየሳምንቱ በአውራ ጣት ተጫኑት።

ትንንሽ አራት ጎማ ያለው ቀላል ወንበር ሱቅ ውስጥ ሲገፋ ያምራል። የጅማ መንገድ ላይ የፊት ጎማው ድንጋይ መካከል ይቀረቀርና ሰውየውን ወደ ፊት ያስፈነጥራል፤ አንመክረውም። በትልቁም ዊልቸር ቢሆን ሻካራ መንገድና ቁልቁለት ላይ አዙራችሁ በኋላ ጎማው ሂዱ። ሁለት ሰው ሆናችሁ ስታነሡት ተነቃይ በሆነው የክንድ መደገፊያ አትያዙ፤ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ባጃጅ ላይ ሲጫን የእግር ማሳረፊያዎቹ መጀመሪያ ተነቅለው በፌስታል ይያዙ፤ ብዙ ዊልቸር ያለ እግር ማሳረፊያ የሚቀረው በዚህ መንገድ ነው።

አባቶች ከዘራቸውን አይተዉም፣ አይገደዱም። ከእጅ አንጓ ልክ ጋር ካልተመሳሰለ አናጺ ይቁረጠው፣ ጫፉ ላይ የላስቲክ ቆብ ይደረግበት። እርጥብ ሊሾ ላይ የሚያዳልጠው ባዶው እንጨት ነው። የላስቲኩ ጥርስ ሲያልቅ ይቀየር። ከዘራው የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው በታመመው ወገን ይይዛል። ዎከር ሲያዝ ክርን ትንሽ ይታጠፍ፤ ቀጥ ካለ ዎከሩ አጥሯል፣ ትከሻ ከተሰቀለ ረዝሟል።

መጸዳጃና ዳይፐር

ማዕከሉ የቁጢጥ መጸዳጃ ብቻ ካለው ባለ ባልዲ የመጸዳጃ ወንበር ግድ ነው። እግሮቹ ከፍታቸው የሚስተካከል፣ ከታች ሰፋ ብለው የሚቆሙ ይሁኑ፤ ቀጥ ያሉት በጎን ሲደገፏቸው ይገለበጣሉ። ቀለም የተቀባ ብረት በጅማ እርጥበት ቶሎ ይዝጋል፣ ዝገቱም ጭንን ይቧጥጣል፤ አሉሚኒየም ከተገኘ ይሻላል። ሌሊት ከአልጋው ጎን፣ በጠንካራው እጃቸው በኩል ይቀመጥ።

ዳይፐር በክብደት ሳይሆን በዳሌ ዙሪያ ይገዛል። ሰፊ ዳይፐር ብዙ የሚይዝ ይመስላል እንጂ በጭን በኩል ያፈሳል። ሁለቱን ደርቦ ማድረግ ሙቀትና ቁስል እንጂ ሌላ አያመጣም። በቀን 4 ቢቀየር በወር 120 ነው፤ ማዕከሉ በወር ስንት እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ከዚህ በታች ከጠየቀ ሌሊቱን ሙሉ ሳይቀየር ያድራል ማለት ሊሆን ይችላል። ቆዳው ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ታጥቦ፣ ሳይፈተግ በጨርቅ ተጠግቶ ደርቆ፣ ቫዝሊን በስሱ ይቀባ። ቫዝሊን በብዛት ከተቀባ ዳይፐሩ ላይ ይለጠፍና ሽንቱን እንዳይመጥ ያደርገዋል።

አስቀድሞ ግን ጠይቁ፦ ዳይፐሩ የሚያስፈልገው ለማን ነው? በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ወደ መጸዳጃ ቢወሰዱ ደርቀው የሚውሉ ብዙ አረጋውያን ለሠራተኛ እጥረት ሲባል ዳይፐር ይታሰርላቸዋል። ይህ ክብራቸውን የሚነካ ነው፤ የመያዝ አቅማቸውንም ያጠፋል። ቀን ያለ ዳይፐር፣ ሌሊት በዳይፐር የሚል ስምምነት ቢደረግ ለብዙዎች ይሠራል።

መለኪያዎችና መድኃኒት

የደም ግፊት መለኪያው የክንድ ይሁን፤ የእጅ አንጓው እጅ ትንሽ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ይሳሳታል። ከመሣሪያው ይልቅ ማሰሪያው ይታይ፤ ለቀጭን ክንድ ትልቅ ማሰሪያ ግፊቱን አሳንሶ፣ ለወፍራም ክንድ ትንሽ ማሰሪያ አብዝቶ ያነባል። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው፣ እግራቸው መሬት ረግጦ፣ ቡና ከጠጡ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አልፎ ይለካ። ቡና በሦስት ዙር በሚጠጣበት አገር ይህ ቀላል ማሳሰቢያ አይደለም። አንድ ጊዜ ቆመውም ይለኩ፦ በተነሡ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር 20 ያህል ከወረደ የመውደቃቸው ምክንያት ምናልባት ተገኝቷል፤ ለሐኪማቸው ይነገር።

የስኳር መለኪያ ስትገዙ መሣሪያውን ሳይሆን ደሙ የሚነካበትን የመለኪያ ወረቀት አይታችሁ ግዙ። ወረቀቱ ጅማ ውስጥ በየወሩ የማይገኝለት ማሽን ጌጥ ነው። የወረቀቱ ብልቃጥ ክዳኑ ወዲያው ይገጠም፤ እርጥበት ካገኘው የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ አሟሙታችሁ ስጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩና አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥ፣ ወደ ሆስፒታል ይሮጥ። ግሊቤንክላማይድ (ስኳር የሚያወርድ ኪኒን) ወይም ኢንሱሊን ለሚወስዱ ሰው ጾም አደገኛ ይሆናል። ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ሐኪም መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክል፤ ማዕከሉ እንዲህ ዓይነት ለውጥ የሚጽፍበት ደብተር ይኑረው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ። በሥራ ላይ ያለው በአብዛኛው ለ4 ሳምንት ያህል ያለ ፍሪጅ ጥላ ውስጥ ይቆያል። በእርጥብ አሸዋ መካከል የተቀመጠ ማሰሮ ያቀዘቅዛል፤ ሆኖም ዘዴው የሚሠራው ውሃው ሲተን ስለሆነ በጅማ ክረምት ከቆላው በጋ ያነሰ ያቀዘቅዛል።

የሰባት ቀን የኪኒን ሳጥን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰዓቱ በሐበሻ አቆጣጠር ይጻፍበት። ከሆስፒታል "8:00" ተብሎ የመጣ መድኃኒት ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው፤ አስታማሚዋ ከቀኑ 8 ሰዓት ብላ ብታነበው አይፈረድባትም። "ጠዋት ከቁርስ ጋር"፣ "ማታ ሲተኙ" ተብሎ ይጻፍ። በብልጭልጭ ወረቀት የታሸጉትን ኪኒኖች ሳታወጡ እየቆረጣችሁ አስቀምጡ፤ እርጥበቱ አንዳንዱን ያፈርሰዋል።

ከሱቅ የማይገዛው

ከዕቃው ጋር አንድ ወረቀት ይግባ። በምን ቋንቋ እንደሚጽናኑ ይጻፍበት። ጅማ ውስጥ አማርኛን ዕድሜ ልክ የተናገሩ አዛውንት አእምሯቸው ሲደክም ወደ ልጅነታቸው ኦሮምኛ፣ ዳውሮኛ ወይም የምኛ ሊመለሱ ይችላሉ፤ ሠራተኛው ካልሰማቸው "እምቢተኛ ሆኑ" ይባላል። እንዴት እንደሚጠሩም ይጻፍ፦ ኦቦ፣ አዴ፣ ሐጂ፣ ጋሼ፣ እትዬ፤ በባዶ ስማቸው መጠራት የሚያስቀይማቸው ብዙ ናቸው። የሥጋው ነገር በግልጽ ይነገር፤ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ በተለያየ ድስትና ቢላዋ የሚሠራ መሆኑን ወጥ ቤቱ ገብታችሁ እዩ። ለውዱእ የሚሆን ጆግና የማያዳልጥ ምንጣፍ፣ ወንበር ላይ ሆነው የሚሰግዱ ከሆነ ወንበሩ ወደ ቂብላ የሚዞርበት ቦታ ይኑር። ለኦርቶዶክሶች የጾሙ ቀን ምግብ ሽሮና አትክልት ብቻ እንዳይሆን፣ የከሱት ምስርና ባቄላ በበቂ ያገኙ እንደሆነ ጠይቁ። ጀበናና ረከቦት ይግባ፣ ግን ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ይገድላል፣ ሽታ የሌለው ደግሞ የባሰ ነው።

እድሩ እንዳይቋረጥ። ሰውየው ሰፈር ስለለቀቁ ወርሃዊው ክፍያ ተረስቶ ስማቸው ሲሰረዝ የሚታወቀው በሐዘን ቀን ነው። የሚከፍለው ልጅ ማን እንደሆነ ተወስኖ የእድሩ ጸሐፊ ይነገረው።

በመግቢያው ዕለት የዕቃው ዝርዝር በሁለት ቅጂ ተጽፎ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት፦ የፍራሹ ዓይነት፣ የፓምፑ ቁጥር፣ የዊልቸሩ ቀለም፣ የአንሶላው ብዛት፣ የገባው የዳይፐር ቁጥር። ስማቸው በማይለቅ ቀለም በእያንዳንዱ ላይ ይጻፍ፣ በዎከሩ ላይ ሳይቀር፤ በአንድ ኮሪደር የቆሙ ዎከሮች በቀላሉ ይለዋወጣሉ፣ የረዘመው ለአጭሯ እናት ይደርሳታል። ዕቃው ሰውየው ሲወጡ ወይም ሲያርፉ ለቤተሰቡ ይመለሳል ወይስ ለማዕከሉ ይቀራል የሚለውም በዚያው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይሰጠው። ደረሰኙን አትጣሉ፤ ሻጩ የፓምፑን ዋስትና በቃል ብቻ ከሰጠ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ያስፈራችሁ፣ ፓምፑንም ሱቁ ውስጥ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሁለቱም ረድፎች ተራ በተራ ሲነፉ ሳታዩ አትውጡ።